እታለም የመረጠችው የሩቅ ቤት

መስታወት ቆራጩ ቤት ሊገዛ ነው የተባለ ዕለት የሱቁ ጎረቤቶች ሳቁበት። ለክፋት አይደለም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሰው መስኮት ሲለካና ሲገጥም የኖረ፣ የኔ የሚለው አንዲት መስኮት ግን የሌለው ነው። የሚኖረው በአማቱ ቤት ነው፤ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋግቶ። አማቱ ደግሞ ገና በሩን ሲያንኳኳ ከውስጥ "ጫማህን!" የሚሉ ሴት ናቸው። ጫማውን አውልቆ በካልሲ እየተሹለከለከ ነው የሚገባው። እንዲህ ያለ ሰው ያጠራቀመውን ሰብስቦ፣ የጎደለውን ከባንክ ተበድሮ፣ ቤት ገዝቼ አከራያለሁ፣ ዕዳዬንም በኪራዩ እከፍላለሁ ብሎ ተነሣ። ይግዛ! ማን ከለከለው? ነገሩ የተበላሸው የት ልግዛ ያለ ጊዜ ነው።

ከሱቁ ጀርባ የምትሸጥ ቤት ነበረች። ትንሽ ናት፣ ጣሪያዋም ጥገና ይፈልጋል፤ ግን ጓሮዋ ውስጥ ለብቻዋ የቆመች አንዲት ክፍል አለቻት። ባለቤቱ ወደ ልጆቹ ሊሄድ ስለሆነ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ከማንም በፊት ለመስታወት ቆራጩ ነገረው። አቅሙ ይችላት ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፣ አቅሙ ይችላት ነበር። ደስ ብሎት ራት ላይ ለሚስቱ ሲነግራት ሚስቱ እጇን አጨበጨበች።

"እሰይ! የጓሮዋን ክፍል ለእታለም እንሰጣታለና! በቃ፣ ከኪራይ ቤት ተገላገለች" አለች።

መስታወት ቆራጩ እጁን ከማዕዱ አነሣ።

እታለም ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱ ያልወለቀ ሕፃን፣ እሷም ራሷ ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው፣ ፍራሹን ተሸክማ፣ እሱን አስከትላ። መንገድ ሲሻገሩ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋለች፤ እሱ ሮጦ ይይዛታል። አግቢ ሲሏት "ይሄን ጩጬ ላድርሰው" ትል ነበር። ጩጬው ሲደርስ ጠያቂዎቹ ሌላ አግብተው ጨርሰዋል። አሁን በአንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎትና እርጥብ አንሶላ ውስጥ። ደረቷን ያማታል። ሳሉ ሲበረታባት "ዝም በል አንተ!" ብላ ደረቷን በቡጢ ትመታዋለች። ወንድሟን ደግሞ ጢሙ ሸብቶም ጩጬ ነው የምትለው።

ታዲያ ምን አስጨነቀው? እንዲህ ብሎ አሰበ፦ እታለም አንድ ጊዜ ከገባች ኪራይ ሊጠይቃት ነው? አፉን ሞልቶ? ነገ ቢቸግረውና ክፍሏን ለሌላ ላከራይ ቢል ውጪልኝ ሊላት ነው? በየት በኩል! በዕድሜው አንድ ጊዜ የራሱ የሆነ ነገር ሊኖረው ነው ሲል፣ እሱም ገና ሳይገዛ ተሰጠበት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔ ብዙ ክፉ ሰው አይቻለሁ፣ እሱ ከነሱ አይደለም። ያሰበው ግን ክፉ ነበር፤ ክፉ መሆኑንም እያወቀ ነው ያሰበው።

በማግስቱ የባንክ ሠራተኛ የሆነ ደንበኛው ቤት የተሰበረ መስኮት ሊቀይር ሄደ። የቤት ነገር ተነሣ። ሰውየው ተናጋሪ ነው፤ መሰላሉን ይዞለት ቆሞ አስተማረው።

"እዚህ ምን አስቸኮለህ? በዚያው ብር ራቅ ያለ ከተማ ብትሄድ ሰፋ ያለ ቤት ታገኛለህ። ብቻ ከተማውን ምረጥ። ሥራ ያለበት፣ ሰው የሚመጣበት ይሁን። ደግሞ ቤቱን በቅርብ የሚያይልህ የታመነ ሰው ያስፈልግሃል።"

ምክሩ ደህና ምክር ነው። መስታወት ቆራጩ ግን የወሰደው እንደ ምክር አይደለም፣ እንደ መሸፈኛ ነው። ከመሰላሉ ሳይወርድ ልቡ ሩቅ አገር ደርሶ ነበር። ሩቅ ከሆነ ማን ይገባበታል? የሚያውቀው ሰው ማንም አይገባበትም!

ለሚስቱ "ሩቅ ከተማ ይሻላል ተባልኩ" አላት።

"ሩቅ? የሱቁ ጀርባዋስ?"

"ርካሹ እዚያ ነው።"

"እሱ ብቻ ነው ምክንያቱ?"

"ሌላ ምን ይኖራል?"

ሚስቱ ሞኝ አይደለችም። አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሣች። የሱቁ ጀርባ ቤት ወሬ በዚያው አበቃ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ለሌላ ተሸጠች።

መስታወት ቆራጩ ያገኘውን ሁሉ ሲጠይቅ ከርሞ ሦስት ከተሞች ለየ፤ አንዷ ዩኒቨርሲቲ ያለባት፣ አንዷ የፋብሪካ ከተማ፣ አንዷ ትልቅ ሆስፒታል ያለባት። ብቻውን ሄዶ አይቶ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ወሬው ግን እታለም ጆሮ ገባ፤ የላስቲክ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሱቁ ድረስ መጣች።

"ብቻህንማ አትሄድም! ደላላ አንተን አግኝቶ ነው? እንደ ሙዝ ልጦ ይበላሃል።"

"እታለም፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ደረትሽ..."

"ደረቴን ተወው! አንተ ቤት ታውቃለህ? መስኮቱን አይተህ ነው የምትመለሰው። ተከራይ ምን እንደሚፈልግ ከኔ በላይ የሚያውቅ ካለ አምጣልኝ። ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ አለቀ።"

ምን ይበላት? አትምጪ ለማለት እንኳ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ያለው ምክንያት ደግሞ የማይነገር ነው። አብረው ሄዱ። አውቶቡስ ውስጥ "መስኮቱ ጋ አንተ ተቀመጥ፣ ያጥወለውልሃል" አለችው። ጢሙ የሸበተ ሰው እህቱ ባለችው ቦታ ተቀመጠ። ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ እየላጠች ሰጠችው። በላ።

የዩኒቨርሲቲዋ ከተማ ደላላ ጫማው ሹል የሆነ ጎረምሳ ነው። "ተማሪ እንደ ጉድ ነው፣ ኪራይ ይሻሙበታል" አለ። እታለም ጥላው ሄደችና ማዶ ያለውን ባለሱቅ "ትምህርት ሲዘጋ እዚህ ሰፈር ምን ይመስላል?" ብላ ጠየቀችው። "ኧረ ዝንብ የለም" አላት። ተመልሳ የወንድሟን ክንድ ያዘች። "ሰምተሃል? ያን ሁሉ ወር ባዶ ቤት ልትጠብቅ ነው? በል ተነሥ።"

የፋብሪካዋ ከተማ ቤት ግን ታምራለች። ቀለሟ ገና አልደረቀም፣ ዋጋዋም ከሁሉ ይቀላል። መስታወት ቆራጩ ልቡ ሄደ። እታለም ገባችና በሩን ዘግታ ከበሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በአፍንጫዋ ነካችው።

"ና አሽትት" አለችው።

አሸተተ። "ቀለም ነው።"

"ከቀለሙ ሥር አሽትት ጩጬ። ከሥር።"

አሁን መጣለት። ሻጋታ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ የኖረ ግድግዳ ሽታ።

"በቀለም አፍነውት ነው። እዚህ ሰው እንዳታስገባ። ደረቱ ያበቃለታል፤ ኃጢአቱም ያንተ ነው።"

ደላላው ተናደደ። "እናቴ፣ የሚኖሩበት እርስዎ ነዎት እንዴ ይሄ ሁሉ ምርመራ?"

እታለም ከት ብላ ሳቀች። "እኔማ ተከራይ ነኝ የኔ ልጅ! ሩቅ ነው አገሬ። ወንድሜ ነው ባለቤቱ" አለች፤ "ወንድሜ" ስትል ደረቷ ተነፍቶ። የመስታወት ቆራጩ ጆሮ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ባልጠላ ነበር።

ሦስተኛዋ ላይ እታለም ከአውቶቡስ ሳትወርድ ወሰነች። ከሆስፒታሉ አጥር ውጪ የተሰለፈውን ሰው፣ ምግብ ይዞ የሚገባውን አስታማሚ፣ ዩኒፎርም ለብሰው የሚወጡትን ነርሶች አየችና "ይቺ ናት" አለች። "ፋብሪካ ይዘጋል፤ ሆስፒታል ሲዘጋ አይተህ ታውቃለህ? እኔን ጠይቀኝ። አንሶላ ጎድሎብን አያውቅም።"

ቤቱ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። እታለም ቧንቧውን ከፍታ እስኪጠራ ጠበቀች። ግድግዳ ሁሉ አሸተተች። ልብስ የሚሰጣበትን ቦታ አየች፣ ጎረቤቲቱን ጠርታ አወራቻት፤ ቤቱን እንድትጠብቅለትም ያኔውኑ አግባባቻት። መስታወት ቆራጩ አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ለካና "ይሄን እኔው እቀይረዋለሁ" አለ። ዞር ሲል እታለም የለችም። የኋላ ክፍል ውስጥ፣ ፀሐይ ያረፈበት ወለል ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ አገኛት። ዓይኗን ጨፍናለች። ሳሉ ፀጥ ብሎላታል።

"ምነው፣ ደከመሽ?"

"አይ። ፀሐይዋ ደስ ትላለች።" ዓይኗን ሳትገልጥ "እዚህ የሚገባ ሰው ታድሏል" አለች።

አፉ ላይ ደርሶ ነበር። እታለም ይቅር በይኝ፣ እንመለስ፣ እዚያው የኛ ሰፈር ሌላ እንፈልግ ሊላት ነበር። የዚያው ከተማ ደላላ ስልክ እያናገረ ገባ፤ ቃሉም ተዋጠ። ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ እሷ ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጥላ "እኛ ሰፈር ግን ዋጋው አይቀመስም አይደል?" ብላ ጠየቀችው።

"አይቀመስም" አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ቤቱ ተገዛ። አንዲት ነርስ ከሕፃን ልጇ ጋር ተከራየችው። እታለም "ልጅ ያላት ናት ብለህ ፊት እንዳትነሳት" ብላ ስላስጠነቀቀችው አልነሳትም። ኪራዩ በየወሩ በስልኩ ይገባል። ስልኩ ጢው ባለ ቁጥር ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን የኋላው ክፍል ፀሐይ ነው የሚታየው። አንድ ቀን ተነሥቶ ለእታለም ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቶ ወሰደላት። እያገላበጠች አየችውና "ምን አጥፍተህ ነው?" ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ምን ዓይነት ሳቅ እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው።

ብርድ ልብሱ ገና አዲስ ሳለ እታለም ሱቁ ውስጥ ዱብ አለች። ፊቷ በርቷል።

"ዋስ ሁነኝ ጩጬ! አከራይዋ ቤት ያለው ዋስ ካላመጣሽ አላስገባም አለችኝ። አለኝ አልኳት! ወንድሜ ባለቤት ነው አልኳት! አፏን አስያዝኳት።"

"የምን አከራይ? ቤትሽን ለቀቅሽ እንዴ?"

"የአከራዬ ልጅ ሊያገባ ነው፤ ክፍሏን ፈለጓት። ምን ያድርጉ? ስፈልግ ከርሜ ትናንት አገኘሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተን ላስጨንቅ? ከአማትህ ጋር ተጣብቀህ እየኖርክ! ደግሞ ብነግርህ ሩቅ ያለውን ቤት በኪስህ ይዘህ አትመጣልኝ።" በራሷ ቀልድ ሳቀች፣ ሳሉም ተከትሎ መጣ።

ሄዱ። አከራይዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያስቀመጠች ሴት ናት። የቤቱን ማስረጃ ፊትና ጀርባውን አየች፣ ከዚያ እሱን ከመነጽሯ በላይ አየችው።

"ቤት ካለዎት ታዲያ እህትዎ ለምን እርስዎ ቤት አይገቡም?"

ጥያቄው ቀላል ነው። ሚስቱ አልጠየቀችውም፣ ጎረቤት አልጠየቀውም፤ ያቺ የማያውቃት ሴት ጠየቀችው። አፉን ከፈተ። እታለም ቀደመችው።

"ሩቅ እኮ ነው! እዚህ ዋጋው አይቀመስም፣ ምን ያድርግ? እኔው ነኝ አብሬው ዞሬ የመረጥኩለት። ብታይው! የኋላ ክፍሉ ፀሐይ..." ስትል እጇ ራሱ ፀሐዩን ያሳይ ነበር። የሱን ውሸት ከሱ ይልቅ አምሮባት ተናገረችው፤ ለሷ እውነት ነዋ። መስታወት ቆራጩ አንገቱን ደፍቶ ፈረመ።

ዕቃዋን ለማጓጓዝ ሰው አላስፈለገም፤ ፍራሹን እሱ ተሸከመ፣ የቀረው በሁለት ቦርሳ አለቀ። ክፍሏ ከደረጃው ሥር ናት። መስኮቷ የሚያየው አጥር ነው። ቀለሟ አዲስ ነው። እታለም የመጋረጃ ገመድ ትቋጥራለች፣ ታወራለች፤ የአውቶቡስ ማቆሚያው ቅርብ ነው፣ ሥራ ቦታዬ ቅርብ ነው፣ ሴትዮዋ ፊቷን ብታጨማድድም ሰው ናት ትላለች። እሱ ፍራሹን አውርዶ ቆመ። አንድ ነገር ከነከነው። እህቱ ቧንቧውን ከፍታለች፣ የበሩን ቁልፍ ሞክራለች፤ ከበሩ ጀርባ ግን አልሄደችም።

በሩን ገፋ አደረገና አፍንጫውን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ቀለም። ከቀለሙ ሥር፣ ያ ሽታ።

"እታለም፣ ይሄን አሽትተሽዋል?"

"አላሸተትኩትም።"

"አንቺ?"

"አዎ፣ እኔ። ካሸተትኩት አልገባበትም፤ ካልገባሁበት ደግሞ የት ልገባ ነው? ተወኝ እስቲ። ይልቅ ይችን ገመድ ያዝልኝ።"

ገመዱን አልያዘም። ባለበት ሆኖ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተናገረ።

"ከሱቁ ጀርባ ቤት ነበረች። አቅሜ ይችላት ነበር። ጓሮዋ ውስጥ አንድ ክፍል ነበራት፤ ባለቤቴ ላንቺ እንስጣት አለች። እኔ ነኝ የተውኳት። ሩቅ የገዛሁት ረክሶ አይደለም እታለም። አንቺ እንዳትገቢበት ነው።"

እታለም ገመዱ ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም። አውቄው ነበርም አላለችም፤ አላወቀችማ! ከየት ታውቀዋለች? የጠቀለለችው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ሳሏ መጣ፤ ዛሬ ግን ደረቷን አልመታችውም፣ እስኪያልፍላት ጠበቀች።

"ብትነግረኝ እኮ አልገባበትም ነበር" አለች በመጨረሻ። "ምን ቆርጦኝ! ግዛና አከራየው እልህ ነበር። ከሥራ ስመለስ ግን በዚያ አልፍ ነበር፤ ልጆችህን አያቸው ነበር። ያን ሁሉ መንገድ አብሬህ ስዞር... ግድግዳ ሳሸትትልህ..."

አልጨረሰችውም። እሱ ተንበረከከ፣ እጇን ሊይዝ ፈለገ፣ እጇን ግን ጭኗ ሥር ከተተችው። አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። ቆይታ ተነሣች፣ በሩን ገፋችና አፍንጫዋን ግድግዳው ላይ አደረገች። ረጅም ትንፋሽ ሳበች።

"ይሸታል" አለች። "የፋብሪካዋ ከተማ ቤት ማለት ነው። ሰው አይገባበትም ያልኩህ።" ከዚያ ቦርሳዎቿን አነሣች። "ፍራሹን ተሸከም።"

"ወዴት?"

"አንተ ጋ ነዋ! አማትህ ይጮኹ፣ ሳሎን ላይ እተኛለሁ። ቤት መርጬልሃለሁ፤ አሁን ደግሞ አንተ ትመርጥልኛለህ። ቧንቧውን ከፍተህ፣ ግድግዳውን አሽትተህ፣ ፀሐዩን አይተህ። ለዚህች ሴትዮ የከፈልኩትንም አንተው ታስመልሳለህ። ተነሥ አንተ ሰውዬ።"

ጩጬ አላለችውም። ይህ ነገር ከሁሉ በላይ አንጀቱን በላው።

ፍራሹን በጫንቃው አድርጎ ከኋላዋ ተከተላት። በሱቁ ጀርባ ሲያልፉ ቆመች። አዲሶቹ ባለቤቶች ጣሪያውን ጠግነውታል፤ የጓሮዋ ክፍል በር ላይ ልብስ ተሰጥቷል።

"ይቺ ናት?"

"አዎ።"

"ፀሐይ ታገኛለች?"

"ከሰዓት በኋላ... አዎ፣ ታገኛለች።"

ራሷን ነቀነቀችና መንገዷን ቀጠለች። ዋናው መንገድ ጋ ሲደርሱ መኪናው ብዙ ነበር። መስታወት ቆራጩ ፍራሹን በአንድ እጁ ደግፎ ሌላውን እጁን አዘጋጀ፤ ሳያስበው፣ በልማድ። እታለም ግራና ቀኝ አየች፤ እጇን ወደ ኋላ ሳትዘረጋ ተሻገረች።